ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ኀዘን

የሰው ልጅ በዚህ ዓለም ሲኖር የሚሸከመው ሸክም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ ሁለተኛው በልብ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው ነው። የሚታየውን ሸክም ተሸክሞ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ያየው ሁሉ ያዝንለታል፤ «አይዞህ» ይለዋል፤ ጉልበት ያለውም ተቀብሎ ያግዘዋል። የማይታየውን የተሸከመ ግን በሰው መካከል ቆሞ ሳለ ብቻውን ነው። ሁለቱን ሸክሞች በአንድ ጊዜ የሚሸከም ሰው ይፈለግ ቢባል ከነፍሰ ጡር ሴት የሚቀድም አይገኝም፤ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረውም ስለ እርሷ ነው።

ሀገራችን ነፍሰ ጡርን በማክበር የምትታማ አይደለችም። ነፍሰ ጡር ስትመጣ መቀመጫ ይለቀቅላታል፤ ከባድ ዕቃ ከእጇ ይወሰዳል፤ ጎረቤት ቡና የቆላ እንደ ሆነ ሽታው ደርሷት ይሆናል ተብሎ ሳትጠራ አይጠጣም። ያማራትን ያላገኘች እንደ ሆነ በሕፃኑ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል ስለሚባል፣ የጎረቤት ሽሮም ቢሆን የሩቅ ገበያ ፍሬም ቢሆን አምሮቷ እንዲፈጸምላት ባል በምሽት ሳይቀር ይላካል። ይህ አባባል በሕክምና ትምህርት የተረጋገጠ ባይሆንም በውስጡ ያለው ደግነት የሚናቅ አይደለም። በወለደች ጊዜም እልልታው ይሰማል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ አራሷ ብቻዋን እንዳትቀር ሰው አይለያትም። ወላድ በድባብ ትሂድ የሚለው አነጋገርም የዚሁ ክብር ምስክር ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ መልካም ልማድ መካከል አንድ ጉድለት ይታያል። ነፍሰ ጡሯን «ምን አማረሽ?» የሚላት ብዙ ነው፤ «ምን አሳዘነሽ?» የሚላት ግን ጥቂት ነው። ለሆዷ የተሰጣት ጆሮ ለልቧ አልተሰጣትም። ስታለቅስ የተገኘች እንደ ሆነ «ተይ እንጂ! በሆድሽ ያለውን አስቢ፤ እግዚአብሔርን አታሳዝኚ፤ ስንቷ ልጅ አጥታ ስለት ትሳላለች» ትባላለች። ይህ ቃል ሲሰሙት ማጽናናት ይመስላል፤ ሥራው ግን አፍ መዝጋት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴቲቱ ኀዘኗን አትተውም፤ የምትተወው መናገሩን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ልጅ የፀነሰች ሴት ብታዝን ኀዘኗ እንደ በደል ሊቈጠርባት ይገባልን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ ኀዘኗን ልናስብላት የሚገባን ስለ ምንድር ነው? ስለምትወልደው ልጅ ነውን፣ ወይስ ስለ ራሷ?

ነገሩን ከመመርመራችን አስቀድሞ ኀዘን የምንለው የትኛውን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት አንድ ቀን ብትስቅ አንድ ቀን ብታለቅስ፣ በጥቂት ነገር ሆድ ቢብሳት፣ ምጡን አስባ ብትፈራ ይህ የተፈጥሮ ነው። ሰውነቷ በሙሉ በሚለወጥበት ወራት ልቧ ብቻ እንደ ድንጋይ ጸንቶ እንዲቀር መፈለግ አላዋቂነት ነው። ሐኪሞች ሕመም የሚሉት ግን ሌላ ነው። ይኸውም ኀዘኑ ከ2 ሳምንት በላይ ቆይቶ ቀኑን ሙሉ አልለቅ ሲል፣ ቀድሞ ደስ ያሰኛት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ሲያጣባት፣ ከሰው መሸሽ ስትጀምር፣ ራሷን እንደ ከንቱና እንደ በደለኛ ስትቈጥር፣ ከዚህም ብሶ ሞትን ስትመኝ ነው። በአንዳንዷ ላይ ደግሞ በጭንቀት መልክ ይመጣል፤ ልቧ ያለ ምክንያት ይመታል፤ ክፉ ነገር ሊደርስ ነው እያለች ቀንም ሌሊትም ዕረፍት ታጣለች።

ይህ ሕመም ለመሰወር እጅግ የሚመች መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት የዚህ ሕመም ምልክቶች ናቸው፤ ነገር ግን እርግዝና ራሱ እነዚህኑ ያመጣል። ስለዚህ ባል ያያል፣ እናት ታያለች፣ አዋላጅም ታያለች፤ ሁሉም «እርግዝናው ነው» ብለው ያልፋሉ። የደም ግፊት በመሣሪያ ይለካል፤ የደም ማነስ በምርመራ ይታወቃል፤ ክብደት በሚዛን ይታያል። ኀዘን ግን ካልጠየቁት አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ1987 በስኮትላንድ ተዘጋጅቶ በኤዲንብራ ከተማ ስም የሚጠራው፣ በብዙ አገርም የሚሠራበት መመዘኛ እንኳ 10 ጥያቄዎች ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባም በወለዱ እናቶች ላይ ተፈትኗል። የሊቃውንቱ መሣሪያ ጥያቄ ከሆነ ዘንድ ጎረቤትና ባል የጎደላቸው መሣሪያ የለም ማለት ነው።

የሕመሙም ብዛት እንዲያው የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉን የአእምሮ ሕመም ያገኛቸዋል፤ በታዳጊ አገሮች ግን ቁጥሩ ወደ 16 ይጠጋል። በአዲስ አበባ ክትትል በሚያደርጉ ነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ4 ሴቶች በ1 ያህሏ ላይ የድብርት ምልክት አግኝቷል። ስለዚህ በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ 8 ነፍሰ ጡሮች ባየን ጊዜ፣ ከእነርሱ 2 የሚሆኑት ከሆዳቸው ሌላ የማይታይ ሸክም ይዘው እንደ ተቀመጡ ብናስብ ከእውነት አንርቅም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። የነፍሰ ጡር ኀዘን ምስጋና ቢስነት ነው የሚሉ ሰዎች ምክንያታቸው ይህ ነው፤ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ስጦታ የተቀበለ ሰው ደስ ሊለው ይገባል፤ ደስ ያላለው እንደ ሆነ ሰጪውን አቃለለ። የአነጋገሩ መጀመሪያ እውነት ነው፤ መጨረሻው ግን ስሕተት ነው። ምስጋና የፈቃድ ሥራ ነው፤ ኀዘን ግን ተፈቅዶ የሚመጣ አይደለም። ወባ የያዘው ሰው በግብዣ ላይ ሲንቀጠቀጥ ቢታይ ጋባዡን ናቀ አይባልም። እንደዚሁም ሴት ልጇን እየወደደችና እየጠበቀች ሳለ ልታዝን ትችላለች፤ ፍቅርና ኀዘን በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ያድራሉና።

በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን የርብቃን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በዚህ ነገር ሊጠራጠር አይገባውም። ይስሐቅ ርብቃን ባገባ ጊዜ ዕድሜው 40 ዓመት ነበር፤ ልጆቹ በተወለዱ ጊዜ 60 ሆኖት ነበር። እንግዲህ ርብቃ የፀነሰችው 20 ዓመት ያህል ከተጠበቀ፣ ባሏም ስለ እርሷ ከጸለየ በኋላ ነው። ከእርሷ ይልቅ ደስ ሊላት የሚገባ ሴት ከወዴት ትገኛለች? ነገር ግን መንትዮቹ በሆዷ ውስጥ ሲጋፉ ጊዜ ተጨንቃ፣ መኖሬ ለምን ነው እስከ ማለት ደረሰች። ልናስተውለው የሚገባን ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ርብቃ ጭንቀቷን ደብቃ አልተቀመጠችም፤ ልትጠይቅ ሄደች። በጠየቀችም ጊዜ የጭንቀቷ ምክንያት ተገለጸላት እንጂ የተግሣጽ ቃል አልመጣባትም። ፈጣሪ ያልነቀፈውን ኀዘን እኛ የምንነቅፍበትን ሥልጣን ከወዴት አገኘነው?

ኀዘኑ ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ጫፍ ያለውን አቃቂ ቃሊቲን መመልከት ይበቃል። አቃቂ የጅቡቲው ባቡር ያለፈበት፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉበት የሠራተኛ አገር ነው። ከመሐል ከተማ የሚወርዱት ወንዞች የከተማውን ጉድፍ ይዘው በእርሱ በኩል ያልፋሉ፤ ወደ ቢሾፍቱ የሚወስደው መንገድም የጭነት መኪና የማይለየው ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ በቱሉ ዲምቱና በገላን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተው ከሌላ ሰፈር የመጣ ብዙ ቤተሰብ ሰፍሮባቸዋል። ከዚህ የተነሣ በዚህ ክፍለ ከተማ የሚኖር ብዙ ሰው ከዘመድ ከወዳጁ የተለየ ነው፤ አንዱ ሥራ ፍለጋ ከገጠር፣ ሌላው ቤት አግኝቶ ከመሐል ከተማ መጥቷል።

በጥንቱ ልማዳችን የመጀመሪያ ልጇን የፀነሰች ሴት ወራቷ ሲቃረብ ወደ እናቷ ቤት ትሄድ ነበር፤ ዛሬም ይህ ልማድ በብዙ ስፍራ አልቀረም። የልማዱ ጥበብ በምግብና በዕረፍት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሴቲቱ በባሏ ቤት የማትናገረውን በእናቷ ቤት ትናገራለች፤ በአማቷ ፊት የምትውጠውን ዕንባ በእናቷ ፊት ታፈሰዋለች። አሁን ግን እንበልና አንዲት ወጣት ከሰሜን ሸዋ ገጠር መጥታ በአቃቂ ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራለች። የምትኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። አከራይዋ ልጅ ሲመጣ ውሃው ይበዛል፣ ጩኸቱም ይበዛል ብላ ፊቷን አጥቁራባታለች። ባሏ የቀን ሠራተኛ ስለ ሆነ ሲመሽ ገብቶ ደክሞት ይተኛል። እናቷ በስልክ «ደኅና ነሽ ወይ ልጄ?» ትላታለች፤ እርሷም እናቷን ላለማስጨነቅ «ደኅና ነኝ እማዬ» ብላ ትዘጋዋለች። ይህች ሴት ያጣችው ምስጋናን ሳይሆን ሰውን ነው።

ከብቸኝነት ሌላ ብዙ ምክንያት አለ። የኪራይና የምግብ ችግር፣ ሳይታሰብ የመጣ እርግዝና፣ የሚማታ ወይም ፀነስሁ ባለችው ጊዜ የካደ ባል፣ ቀድሞ የሞተ ልጅ፣ አስቀድሞ የነበረ የአእምሮ ሕመም፣ እነዚህ ሁሉ ኀዘኑን የሚያመጡ ናቸው። ሞትን መፍራቷም ከከንቱ የተነሣ አይደለም። ነፍሰ ጡር አንድ እግሯ በመቃብር ነው የሚለው ንግግር ያለ ምክንያት አልተነገረም። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ሕፃናት ልክ 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ እንደ ነበር ተገምቷል፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው፤ ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ የምትኖር ሴት የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በክፍለ ከተማዋ ውስጥ አለላት። ዳሩ ግን ፍርሃት እንደ ቁጥሩ ፈጥኖ አይወርድም። ጎረቤቷ በወሊድ ስትሞት ያየች ሴት ቁጥሩ ስለ ተነገራት ብቻ አትረጋጋም፤ ፍርሃቷን የምትነግረው ሰው ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ የጽሑፋችን ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። ስለ ነፍሰ ጡር ኀዘን የሚቆረቆሩ ደጋግ ሰዎች ዘወትር የሚያቀርቡት ምክንያት «እናቲቱ ብታዝን ልጁ ይጐዳል» የሚል ነው። ምክንያቱ እውነት አለው፤ ያዘነች እናት ራሷን መመገብና ክትትሏን መፈጸም ይሳናታል፤ ከወለደችም በኋላ ሕመሙ ሊቀጥልባት ይችላል። ነገር ግን ይህ ምክንያት ብቻውን ቢቆም ወዴት እንደሚያደርሰን እንመልከት።

በጉራጌ አገር በቡታጅራ ዙሪያ ከ1997 እስከ 1998 ዓ.ም. ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን በመመዝገብ እስከሚወልዱ ድረስ የተከታተለ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ100 ሴቶች 12 ያህሉ ከፍ ያለ የመንፈስ ጭንቀት ምልክት ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ እነዚህ ሴቶች ምጥ እንደሚረዝምባቸው፣ ጡት ማጥባት ለመጀመርም እንደሚዘገዩ አገኙ። የሕፃናቱ ክብደት ግን በጭንቀቱ ምክንያት ቀንሶ አልተገኘም።

ይህን ውጤት በጥሞና እናስበው። የእናቲቱ ኀዘን የሚታሰበው ስለ ልጁ ብቻ ከሆነ፣ ልጁም በሚዛን ላይ ተቀምጦ ክብደቱ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ፣ «እንግዲያስ ምን ጐደለ?» ሊባል ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ በጨለማ የተመላለሰች፣ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ያነጋች፣ ሞቷን የተመኘች ሴት፣ ጤናማ ልጅ ስለ ወለደች ዕንባዋ እንዳልፈሰሰ ሊቈጠርባት ነው። ኅሊና ይህን ፍርድ አይቀበለውም። ምንም እንኳ ልጁ በምንም ያልተጐዳ ቢሆን፣ ሰው ተጐድቷል፤ የተጐዳውም ሰው እናቲቱ ናት። በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት ካልቈጠርን በቀር የአንዱን ሰው ሥቃይ ሥቃይ አንለውም የሚል ሕግ በየትኛውም ሃይማኖት አልተጻፈም።

እንስራን የምንጠነቀቅለት ስለ ውሃው ነው። ውሃው ወደ ጋን ከተገለበጠ በኋላ ግን እንስራው በጓዳ ጥግ ይቀመጣል፤ ማንም አያየውም። ሴትን ስለ ልጁ ብቻ የሚጠነቀቅላት ሰው ሳያውቀው እንደ እንስራ ቈጥሯታል። የዚህም ምልክቱ ከወሊድ በኋላ ይታያል፤ እስከ ትናንት ድረስ «ምን አማረሽ?» ሲላት የነበረው ዘመድ ሁሉ ዓይኑን ወደ ሕፃኑ ያዞራል፤ ማንን መሰለ እያለ ይጫወታል፤ በአልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችውን ግን ገንፎ አቅርቦላት ያልፋል። ቋንቋችን ግን ከልማዳችን ይልቅ አስተዋይ ነው። በግዕዝ ጾረ ማለት ተሸከመ ማለት ነውና ነፍሰ ጡር የሚለው ስም ነፍስን የተሸከመች ማለት ነው። የአንዲት ነፍሰ ጡር ሸክም ሁለት ነፍስ መሆኑን ግን እንርሳ አንበል፤ ከሁለቱ አንደኛይቱ የገዛ ራሷ ነፍስ ናት።

ይህን ስንል እናትን ከልጇ ለይተን በሚዛን ልናስቀምጣቸው አይደለም። እናቲቱን ስለ ራሷ የወደደ ሰው ከልጁ የሚቀንስበት ነገር የለም፤ ስለ ልጁ ብቻ የወደዳት ግን ከእርሷ ይቀንስባታል። የምንለው ይህንኑ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «የሴቲቱ ችግር ድኽነት ነው፤ ወሬ ኪራይ አይከፍልም፤ ብትጠይቋት ምን ልታደርጉላት ነው?» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ልናግዝ እየቻልን በቃል ብቻ የምናልፍ ከሆነ ጥያቄያችን ሽንገላ ነው። ነገር ግን ድኽነቱ ሳይለወጥ ኀዘኑ ሊቀል እንደሚችል ማስረጃ አለን። በፓኪስታን አገር በራዋልፒንዲ ዙሪያ ባለው ገጠር፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ ወራት በድብርት ሕመም የተያዙ ሴቶችን፣ ሐኪሞች ያልሆኑ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱ የመንደር የጤና ሠራተኞች በየቤታቸው እየሄዱ እንዲያነጋግሯቸው ተደረገ። ሥራቸው ማዳመጥ፣ የጨለመውን አሳብ ከሴቲቱ ጋር መመርመር፣ ቤተሰቡም እንዲያግዛት ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት፣ ከወሊድ በኋላ በ6ኛው ወር ከተጐበኙት ሴቶች ከ100 በ23ቱ ላይ ብቻ ሕመሙ ሲቀር፣ እንዲህ ያለውን ንግግር ካላገኙት ግን በ53ቱ ላይ ቀርቶ ተገኘ። መንደሩ ያው መንደር ነው፤ ድኽነቱም ያው ድኽነት ነው፤ የተለወጠው የሚሰማ ሰው መምጣቱ ነው። በእኛም አገር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን፤ በከተማም ይሠራሉ። መንገዱ ተጠርጓል፤ የሚቀረው በመንገዱ ላይ የሚወርደው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ገመና መሸፈን አለበት፤ የቤት ኀዘን በአደባባይ አይነገርም» የሚል ነው። ገመናን መሸፈን መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን ቁስልን ከዝንብ መሸፈንና ቁስልን ከሐኪም መሸፈን አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያው ያድናል፤ ሁለተኛው ይገድላል። ስለ አእምሮ ሕመም ያለን ሐፍረት ይህን ያህል ስለ በረታ፣ ሕሙማንን ሲረዳ የኖረው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም እንኳ በአንዳንድ ሰው አፍ መቀለጃ ሆኗል። ጸበል የምትሄደዋም ሴት ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነትን መካድ ነው ብላ እንዳትፈራ ይነገራት፤ ጸሎቷ ከሐኪም አይከለክላትም፤ ሐኪሙም ከጸሎቷ ሊከለክላት አይገባውም።

እንግዲህ የእያንዳንዱን ሰው ዕዳ ለይተን እንናገር። የመጀመሪያው ዕዳ የባል ነው። ባል ኀዘኗን ሁሉ ሊፈውስ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ማታ ሲገባ ከመተኛቱ በፊት ጥቂት ጊዜ ከአጠገቧ ተቀምጦ እንዲሰማት ነው። ወንድ ሆኖ የሚስቱን ዕንባ ማየት የሚያሳፍረው ካለ፣ ሊያሳፍረው የሚገባው ያላየው ዕንባ መሆኑን ይወቅ። እጁን የሚያነሣባት ግን ባል የመባል ክብር የለውም፤ የኀዘኗ ምክንያት እርሱ ነውና።

ሁለተኛው ዕዳ የእናቶችና የጎረቤቶች ነው። ድንግል ማርያም በፀነሰች ጊዜ ወደ ተራራማው አገር ወጥታ ሦስት ወር ያህል ከኤልሳቤጥ ዘንድ ተቀምጣለች፤ ኤልሳቤጥም በዕድሜ የገፋች፣ ራሷም ፀንሳ የነበረች ሴት ነበረች። ከዚህ ታሪክ የምንማረው የፀነሰች ሴት የምታስጠጋት ታላቅ ሴት እንደሚያስፈልጋት ነው። እናቷ የራቀች ወጣት በግቢያችሁ ብትኖር፣ እናንተ እናቶች ሆይ፣ ለቡና ስትጠሯት ስለ ቡናው ብቻ አትጥሯት። «ልጄ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ምን ያስጨንቅሻል?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሟት። «እኔስ ስምንት ወልጄ አይደለም ወይ!» ማለት ምክር አይደለም። የሰማችሁትንም ለሌላ አታውሩባት።

ሦስተኛው ዕዳ የአሠሪ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 እርጉዝ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ተፈቅዶላታል፤ በሌሊት እንዳትሠራም ተከልክሏል። ለአባትም 3 ቀን ተሰጥቶታል። አሠሪ ይህን ሲፈጽም ምጽዋት የሰጠ አይምሰለው፤ ሕግ ነውና። አለቃው ፊቱን ስለሚያጠቁርባት ብቻ እርግዝናዋን በቀሚሷ ውስጥ ደብቃ የምትሠራ ሴት ባለችበት ፋብሪካ ግን ሕጉ ተጽፏል እንጂ አልተፈጸመም።

አራተኛው ዕዳ የጤና ባለሙያና የሃይማኖት አባት ነው። አዋላጇ ግፊቷን ከለካች በኋላ አንድ ጥያቄ ትጨምር፤ ወረፋው ብዙ መሆኑ ይታወቃል፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከመርፌ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። የንስሓ አባትም ሆነ ሼኽ ኀዘንን ሁሉ በኀጢአት አይተርጉሙት፤ ለጸሎቱ እየጸለዩ ለሕክምናው ይላኩ። ነፍሰ ጡሯ ራሷን ስለ መጉዳት የተናገረች እንደ ሆነ ወይም ከእውነት የራቀ ነገር ማየትና መስማት የጀመረች እንደ ሆነ፣ ይህ ነገ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ብቻዋን ሳይተዋት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሊወስዷት ይገባል። ለዚህ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒትም አለ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚወሰደው በሐኪም ምርጫና ክትትል ብቻ ነው፤ ቀድሞ የጀመረችም እንደ ሆነች በራሷ ፈቃድ አታቋርጠው።

አንቺም ይህን የምታነቢ ወይም የሚነበብልሽ እኅት ሆይ፣ ደስ ሊልሽ ሲገባ ስላላለሽ ክፉ እናት ነኝ ብለሽ አትፍረጂ። ርብቃም ተጨንቃለች። ስለ መልካም እናትነትሽ የሚፈርደው የዛሬው የልብሽ መክበድ አይደለም። ከሰዎች መካከል አንድ ታማኝ ሰው ምረጪ፤ ለእርሱም «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል ትተሽ እውነቱን ንገሪው። የመጀመሪያው ሰው ያልሰማሽ እንደ ሆነ ወደ ሁለተኛው ሂጂ።

በቋንቋችን ጡር የሚባል ሌላም ቃል አለ። ደካማውን የበደለ፣ የሚያለቅሰውን አይቶ ያለፈ ሰው «ጡር አለው፤ ጡሩ ይደርስበታል» ይባላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ቃል የሚፈሩት አምላክ የተገፋውን ሰው ጩኸት እንደሚሰማ ስለሚያምኑ ነው። ነፍሰ ጡርን በጥፊ የመታ፣ እህሏን የነጠቀ ሰው ጡር እንዳለበት ማንም አይክድም። ስትከፋ አይቶ «እርግዝናው ነው» እያለ በየቀኑ የሚያልፍም ሰው ከዚህ ዕዳ ፈጽሞ ነጻ ነኝ አይበል። ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ገንዘብ አይጠየቅም። ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ መጠየቅና መልሱ እስኪያልቅ ድረስ ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ ነው።